ሰባት ቁልፍ

ኤልቪዮ በሞተ በሦስተኛው ወሩ
ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ ልብሶቹ ሲቆጠሩ፣
ኔሊዳ ሁለት ነጭ የጥጥ ሸሚዝ መረጠች፤
አላሸተተችም፣ ከደረቷ አላስጠጋች፤
አካፋ አነሣችና ወደ እርሻው ወረደች።

ጥር ነው። በሳንታ ፌ ጥር ማለት ሐሩር፤
ከፓራና ወንዝ ላይ ወበቅ ሲንደረደር።
የእህቷ ልጅ ያኒና፣ የአፈር ባለሙያ፣
ከሮሳሪዮ ደውላ ነግራት ነበር መለኪያ፦
«አክስቴ፣ ማሽን ተዪው፣ በከንቱ አትሩጪ፤
ጥጥ ቅበሪ፣ ሁለት ወር ጠብቂ፣ ከዚያ ቆፍረሽ አውጪ።
አፈሩ ነፍስ ካለው ጨርቅሽን ይበላል፤
ከሞተ ግን፣ አክስቴ፣ ታጥቦ ይለበሳል።»

አንደኛው ሸሚዝ ገባ ከትልቁ ማሳ፣
ኤልቪዮ ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ሳይሳሳ
ፀረ አረም ካጠጣው፣ አኩሪ አተር ከዘራበት፣
አንዲት ሣር ብትበቅል እንደ ስድብ ካያት።
ሁለተኛው ከጥጉ፣ ከአሮጌው ኦምቡ ዛፍ ጎን፣
ትራክተር የማይዞርበት፣ ያ የተረሳው ጠባብ ጎን፣
ማገጥና አልፋልፋ ተቃቅፈው የሚያድሩበት፣
ኤልቪዮ «የሰነፍ ርስት» እያለ የሚስቅበት።

ሌሊት፣ ከጥጉ ሥር፣ ሌላ አገር ይሠራል፤
በአንዲት ማንኪያ አፈር የማይቆጠር ሕዝብ ያድራል።
ስም የለው፣ ዐይን የለው።
ቅጠል ከፀሐይ የለቀመውን
ሥር ወደ ታች ሲያንጠባጥብ፣
ጣፋጩን ጠብታ እየላሰ
አየሩን ይሰብራል፣
ያን ሁሉ የሚተነፍሰውን፣ ማንም ግን የማይጠግብበትን፣
ስንቅ አድርጎ ለሥሩ ይመልሳል።
ደባል እንዳንለው፣ ኪራይ ይከፍላል፤
ባለቤት እንዳንለው፣ ቤቱ ከሰው ይበቅላል።
ከሽበት የቀጠነ የሻጋታ ክር
ከተጠማው ሥር እስከ ጠገበው ሥር
በጨለማ ይላላካል፤
ማን ላከው፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ያውቃል?

መጋቢት ላይ ቆፈረች።
ዶን ፋቢሎ፣ ጎረቤቷ፣ በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣
«ሬሳ ነው የምትፈልጊው?» አላት አፉን አጣሞ።
መልስ አልሰጠችውም።

ከትልቁ ማሳ ሸሚዙ ወጣ። ሙሉ።
ክሳዱ ሙሉ፣ እጅጌው ሙሉ፣ ኪሱ እንኳ ሙሉ።
እውነቱን ልናገር፤ ደስ አላት።
«አልወሰደብኝም» ብላ ከነጭቃው አቀፈችው፤
አፍንጫዋን ቀብራ ልታሸተው፣
አፈር አፈር አላለም፤
ኤልቪዮ ኤልቪዮም አላለም።

በጥጉ ግን አካፋው ሳይገፋ ገባ፤
ጥቁር፣ ፍርክስክስ፣ ዝናብ ዝናብ የሚል አፈር።
ሸሚዝ የለም።
የናይለን ስፌቱ ብቻ፣ የሸሚዝ ንድፍ፣
ትከሻ የሌለው የትከሻ መስመር።
በመስመሩ ላይ የማገጥ ሥር ተጠምጥሞ፣
በሥሩ ላይ ዕባጭ፣ የሰናፍጭ ፍሬ አክሎ።
አንዱን በጥፍሯ ሰበረችው፤ ውስጡ ቀይ፣
ጥርስ ሊያወጣ እንደ ደረሰ የሕፃን ድድ ቀይ።
ቁልፎቹም ነበሩ። ሰባት።

በእኛ አፍ፣ ሰው ሲለምን «አፈር ስሆን» ይላል።
በእሷ አገር አይባልም።
ግን እዚያው ተንበርክካ፣
ሰባቱን ቁልፍ በመዳፏ እያንሿሿች፣
ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ተናገረች፦
«ኤልቪዮ፣ አንተንስ የቱ አፈር ነው ያገኘህ?
እንዲያው እንደ ሰጠሁት ያስቀመጠህ?
ወይስ ከልቡ የበላህ?»
ስላልተበላው ሸሚዝ ያኔ ነው ያለቀሰችው።
ይብላኝ መብላት ላቃተው!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ
ሙሉውን ሸሚዝ ከትልቁ ማሳ አምጥታ
በጥጉ፣ በሞቀው ጉድጓድ፣ አጥፋ አስተኛችው፤
አፈሩን መለሰችበት፣ በእጇ መታ መታ፣
«ብላ» አለችው፣
ራቱን አቅርባ ከፊቱ እንደ ተቀመጠች።

ዶን ፋቢሎ አልሄደም ነበር።
«እጅሽ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት።
«ቁልፍ» አለችው።
የምን እንደሆነ አልነገረችውም።